መስኮት ላይ የተረሱት ሳህኖች

ትዝ ሲሏት ልጅቷ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች። ሁለቱን ትንንሽ የላብራቶሪ ሳህኖች መስኮቱ ላይ ካስቀመጠቻቸው ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ፀሐዩ ደግሞ እንደ ጉድ ያቃጥላል። ስትነካቸው ይፋጃሉ። ቶሎ ብላ ለብ አድርጎ ወደሚያቆያቸው የማሞቂያ ሳጥን መለሰቻቸውና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የሒሳብ ደብተሯን ገልጣ ተቀመጠች።

እናቷ የማኅፀን ሐኪም ናት። ከቀዶ ጥገና የተረፋትን ጊዜ ሁሉ የምታሳልፈው እዚህ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ከካንሰር ሴሎች ጋር ነው። ሴሎቹ ቅዳሜ እሑድ አያውቁም፤ በየሁለት ቀኑ መመገብ አለባቸው። የልጅቷ ልደት ቀን ተመግበዋል፤ የወላጆች ስብሰባ ቀንም ተመግበዋል። ቤት ውስጥ ማንም ስለማይጠብቃት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚህ ትመጣለች። ስትገባ «ታናናሾቼ እንዴት ዋሉ?» ትላለች፤ የላብራቶሪው ረዳት ይስቃል። የምሯን እንደምትቀናባቸው ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ዛሬ እናቷ በድንገት ለቀዶ ጥገና ተጠራች፤ ረዳቱም ዕቃ ሊያመጣ ወጣ። ልጅቷ እናቷን የወሰዱባት ነገሮች ምን እንደሚመስሉ በብርሃን ልታይ ሳህኖቹን አወጣቻቸው። ሮዝ ቀለም ያለው ውኃ እንጂ ምንም አይታይም። ተናዳ እዚያው ትታቸው ወደ ሒሳቧ ዞረች።

በማግስቱ ልጅቷ ወደ ላብራቶሪው ሳትሄድ በቀጥታ ቤት ገባች፤ እናቷም ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣች።

«እማ፣ አሞሽ ነው?»

«ደህና ነኝ። በቃ፣ አለቀ።» ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «ቫይረሳችን እንደ መኪና ነው ብዬሽ የለ? እኛ ያዘጋጀነውን ዘረ መል፣ ጂኑን፣ ጭኖ ካንሰሩ ውስጥ ያራግፋል፤ ጂኑ ደግሞ ካንሰሩን ይገድላል። አንዱ ሳህን ላይ ጂን የጫነውን፣ ሌላው ላይ ባዶውን ጨምሬ ነበር። የሁለቱም ሴሎች አልቀዋል።»

«እና?»

«ባዶው መኪና ራሱ መርዝ ነው ማለት ነዋ! እንዲህ ያለ ነገር ታካሚ ሰውነት ውስጥ አላስገባም። ሥራው ይቁም ብዬ እጽፋለሁ።»

ልጅቷ ሴሎቹ የማን እንደሆኑ ታውቃለች። ባለፈው ወር ኮሪደሩ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ታካሚ፣ የልጅቷን የተተረተረ የቀሚስ ጠርዝ አይታ መርፌና ክር ከቦርሳዋ አውጥታ ሰፍታላት ነበር። «ሴሎቼ እናትሽ ጋ ናቸው» ብላ ሳቀች። «ለእኔ ባይደርስ ለሌላዋ ይደርሳል። አደራ፣ ጠብቂልኝ።»

«ቢያንስ አንቺን እጠግብሻለሁ» አለች እናቷ። «ከእንግዲህ ማታ ማታ እቤት ነኝ።»

ልጅቷ ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃዋለች! እራቱን አብረው ሠሩ። እናቷ ስለ ፈተናው ጠየቀቻት፤ ስለ ጓደኛዋም ጠየቀቻት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ሰማች። ደስታው ግን አልዋጥ አላት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እናቷ የሷ ትሆናለች፤ ግን በውሸት።

ምግቡ ቀርቦ እናቷ ኮምፒውተሯን ልትዘጋው ስትል «ሥራው ይቁም» የሚለው ደብዳቤ ስክሪኑ ላይ ታየ።

«እማ።»

«ወዬ፣ የኔ እናት።»

«ሳህኖቹን ፀሐይ ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ረሳኋቸው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ።»

«ምን አልሽ?» እናቷ ብድግ አለች። «አብደሻል? ለምን?»

«አንቺን የወሰዱብኝ ምን እንደሚመስሉ ላይ ብዬ።» እንባዋ መጣ።

«እና ሴሎቹን የገደላቸው ሙቀቱ ነው እንጂ ቫይረሱ ላይሆን ይችላል…» አለች እናቷ። ፊቷ ላይ ንዴት ነበረ፤ ተስፋም ነበረ፤ ሌላም ልጅቷ አይታው የማታውቀው ነገር ነበረ። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሌላ ሴል የለም?» አለች ልጅቷ።

«በረዶ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ቀርታኛለች። ዛሬ ባቀልጣት…» እናቷ የቀረበውን ምግብ አየች፤ ልጇን አየች፤ ዓረፍተ ነገሩንም አልጨረሰችውም።

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና የእናቷን ካፖርት ከመስቀያው አወረደች።

እናቷ ወጥታ በሩ ሲዘጋ ቤቱ እንደ ወትሮው ጭር አለ። ሁልጊዜ የእናቷን ድርሻ ከድና የራሷን ብቻዋን ትበላ ነበር። ዛሬ የእናቷን ከደነች፤ የራሷንም ከደነች። ከዚያ የሒሳብ ደብተሯን አውጥታ መጠበቅ ጀመረች።