አርዲቦ ዳር «መጣሁ» ያልኩ ቀን

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ። ጅኒ፣ የውሃ ባለቤት ምናምን ሲሉኝ ሳቄ ነው የሚመጣው፣ ሐይቅ ከተማ ተወልጄ፣ እንግዳ እያስጎበኘሁ የምኖር ሰው ይሄን ካመንኩ እንዴት አድርጌ ውሃ ዳር እውላለሁ? እና ይሄን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ተናድጄ ነው።

ነገሩ የሆነው በዚህ ክረምት ነው። ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶች በማግስቱ አርዲቦ ሐይቅ ይደርሳሉ፣ የሚያመጣቸውም ሰው «ጫጩቶቿን ጀርባዋ ላይ አዝላ የምትዋኘዋን ወፍ ካሳየሻቸው ቋሚ ሥራ ይሆንልሻል» ብሎኛል። ቦታዋን ቀድሜ ላገኝ ከጎረቤታችን ከዓሣ አጥማጁ ከጋሽ እንድሪስ ጋር በጠዋት ወጣሁ። ዝናቡ ግን እልህ ይዞት ነበር። የሩቅ ማያ መነጽሬን በጠረግኩት ቁጥር ጉም ይለብሳል፣ ጃንጥላዬ ተገለበጠ፣ አንድ ጫማዬን ጭቃው ዋጠው፣ ወፏ ደግሞ የለችም። ማልቀስ ነበር የቀረኝ።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ እንድሪስ «ሰግጄ ልምጣ፣ ጠብቂኝ» ብለው ሄዱ። ውሃው ዳር የበቀለው ደንገል ጥግ ቁጭ ብዬ ትንሽ እንደቆየሁ ውሃው ላይ የመቅዘፊያ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ደንገሉ ውስጥ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ልክ እንደሳቸው። ከዚያ «ነይ፣ እዚህ ናት» አለ፣ በራሳቸው ድምፅ። ወፏ እንዳትሸሽ ትንፋሼን ውጬ ውዬ እሳቸው ይጮሃሉ፣ አበድኩ። «እሺ ጋሼ፣ መጣሁ፣ እርስዎ ብቻ ዝም ይበሉ» አልኩ።

ዝም አለ። እንቁራሪቶቹም አብረው ዝም አሉ። ወፏም ጫጩቶቿን እንዳዘለች ከደንገሉ ወጥታ እጄን ብዘረጋ የምነካት ያህል ቀርባ ቆመች፣ ፎቶ አነሳኋት።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ጋሽ እንድሪስ ናቸው፣ ከመስጊድ በኩል እየመጡ። ታንኳቸው ጠዋት ካሰሩበት ዛፍ አልተነቃነቀም።

«እርስዎ ጠርተውኝ ነዋ።»

«ወላሂ አልጠራሁሽም። ስንቴ ነው የጠራሽ?»

«አንዴ።»

ፊታቸው ተለወጠ። እኛ አገር ውሃ ዳር ሰው ቢጠራ ሦስቴ ሳይደግም አቤት አይባልም፣ ያ የውሃ ባለቤት የሚሉት ነገር ከሁለቴ በላይ አይጠራም ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ልጆች ውሃ እንዳይገቡ የሚነገር ማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር። «አቤት ነው ያልሽው?» አሉኝ። መጣሁ እንዳልኩ ስነግራቸው «አዑዙ ቢላህ» ብለው እጄን ይዘው ወደ መንገዱ ጎተቱኝ።

በማግስቱ እንግዶቹ ወፏን ከመንገድ ዳር ሆነው በትልቅ መነጽር አዩ፣ ደስ አላቸው፣ እኔም ስንት ዓመት የተመኘሁትን ሥራ አገኘሁ። ይኸው ያናደደኝ፣ ወፏ ከዚያ ጥግ ንቅንቅ አትልም፣ ቀጥለው የሚመጡት እንግዶች ደግሞ በቅርብ ካላየናት ብለዋል። ሌላ እንጀራ የለኝም። ጋሽ እንድሪስን አብረን እንውረድ ብዬ ለመንኳቸው።

«ሌላ የፈለግሽውን እዘዥኝ ልጄ፣ እዚያስ አልመለስም» አሉኝ። «ትላንት ዓሣ ላጠምድ ወርጄ፣ ደንገሉ ውስጥ በአንቺ ድምፅ መጣሁ፣ መጣሁ ይላል።»

ትላንት እኔ ቀኑን ሙሉ ውጫሌ ከተማ ነበርኩ። እንግዶቹ ሐሙስ ይመጣሉ።