ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የታረመው የቤት ሥራ

ቀልቤሳን ያገኙት ከወንበሩ አጠገብ በጀርባው ተዘርግቶ ነው። ማጅራቱ ከመስኮቱ የእብነ በረድ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ እንደበራ ነበር፤ ታብሌቱም አጠገቡ ተቀምጧል። ኤሲው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ክፍሉ በረዶ ስለሆነ ሐኪሙ «አርብ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው» ከማለት አላለፈም።

በማግስቱ የዶሃ ፖሊሱ ሌተናል ኡሳማ አሰገደችን ሟቹ ወደሚኖርበት ሰፈር፣ ወደ ኡም ጉዋይሊና፣ የጠራት ለማስተርጎም ነበር። አሰገደች አዲስ አበባ ሳለች አስራ ዘጠኝ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ዶሃ ከመጣች ወዲህ ግን ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሊፍቱ ስለማይሠራ ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ በሩ ላይ ጉልበቷን ይዛ ትንሽ ቆመች።

ኡሳማ ነገሩን አሳጠረላት። ሟቹ በአንድ የግል ኮሌጅ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ኮርስ የቤት ሥራ አራሚ ነው። ነጥብ የሚሞላበት ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ቁጥር ስንት ሰዓት እንደገባ ይመዘግባል፤ የመጨረሻው ነጥብ አርብ አስር ሰዓት ከሃያ ላይ ገብቷል። ሄርሞን የተባለች ተማሪው ደግሞ ልክ አስር ሰዓት ላይ ወደ ፎቁ ስትወጣ ከሕንፃው ሥር ያለው የባቃላ ሱቅ ባለቤት አይቷታል። ባንኳኳም አልተከፈተልኝም ትላለች። ሰውየው ቁጭ ብሎ እያረመ እንዴት አይከፍትላትም? ከሰዓት በኋላ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊልካት ነው፤ ኸላስ፣ አለቀ።

አሰገደች መጀመሪያ ያነጋገረችው ሄርሞንን ነው። ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ከታሰረች ሆስፒታሉ ያሰናብታታል፤ ከዚያ ወዲያ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለም። ባለፈው የቤት ሥራ ቀልቤሳ በአንድ ጥያቄ ዜሮ ሰጥቷት ነበር። ኮዷ ዳታውን የሚያነበው ከራሷ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ስለሆነ እሷ ጋ ይሠራል፣ እሱ ጋ ግን በመጀመሪያው መስመር ይቆማል። እሱ ደግሞ ኮዱን በራሱ ኮምፒውተር ሳያስኬድ ነጥብ አይሰጥም።

«አንድ ነጥብ ነው የለመንኩት፣ እትዬ። አንድ። ‹ካልሄደ ዜሮ ነው፤ ለእህቴም ያው ነው› አለኝ። አርብ የመጣሁት ደግሜ ልለምነው ነበር።»

«ተናደሽበት ነበር?»

«አዎ። ሦስት ሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ በዜሮ የማይናደድ ማን ነው?»

ቀጥላ ከበቡሽን አስቀመጠቻት። ቤቱን ተከራይታ ለነቀልቤሳ ክፍል የምታከራየው እሷ ናት፤ አል ነስር ሰፈር ለአንዲት ማዳም ታበስላለች። አርብ ፈሪጅ አብዱልአዚዝ በሚባለው ሰፈር በሚደረገው የጸሎት ኅብረት ላይ ነበረች። ሌላው ተከራይዋ ኤርሚያስም፣ የዚያው ኮርስ የሌላ ክፍል አራሚ፣ ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ከጎኗ አልተነሳም። አብረው ተመልሰው ነው ሬሳውን ያዩት።

«ወንድም ኤርሚያስ እንዴት ያለ ልጅ መሰለሽ። ሰው ሁሉ ሲዘምር እሱ ከታብሌቱ ቀና አላለም፤ ቃሉን ነው የሚያነብ። እኔማ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

ኤርሚያስ ዓይኖቹ ሥር ጠቁሯል። እንዴት እንደሚያርሙ ስትጠይቀው፣ አንዱን ተማሪ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ እንደሚያልፍ ነገራት።

«ቀልቤሳም እንደዚያው ነበር?»

«አራሚ ሁሉ እንደዚያው ነው» አለ።

አሰገደች መነጽሯን አድርጋ ከሰንጠረዡ ፊት አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ከዚያ ኡሳማን፣ ሁሉንም እዚሁ ክፍል ሰብስብልኝ አለችው። እሱም ተርጓሚ እንጂ መርማሪ አልጠራሁም የሚል ፊት አሳያት፤ ሰበሰባቸው ግን።

ዓረብኛውንም አማርኛውንም እያፈራረቀች ጀመረች።

«ተማሪው ሃያ አራት ነው፤ ጥያቄው አራት። ቀልቤሳ እስከ ዛሬ ያረመው በጥያቄ ነው። የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ ይጨርስና ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ለአንዱ ጠንክሮ ለሌላው እንዳይላላ ይመስለኛል። አርብም እንደዚያ ሲሄድ ቆይቶ፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ፣ አምስተኛው ተማሪ ጋ ሲደርስ ሰባት ከሃምሳ ላይ ቆመ። ዘጠኝ ከአስር ላይ ሲቀጥል ግን አንዱን ተማሪ ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው።»

ኡሳማ፣ ሰው ሲደክመው አሠራር ይለውጣል አለ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ጠይባ የምትባል ተማሪ ግን አለች። ሦስተኛው ጥያቄዋ ዳታውን የሚያነበው ከገዛ ዴስክቶፗ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያህ ቅድም አስኬደው፤ በመጀመሪያው መስመር ቆመ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የገባው ነጥቧ ግን አስር ከአስር ነው። ለሄርሞን አንድ የነፈገ ሰው ለጠይባ አስር ይሰጣል?»

መነጽሯን አውልቃ ቀጠለች።

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያረመው ሰው ኮዱን አላስኬደም፤ በዓይኑ ነው ያየው። ሌሎቹ ነጥቦች ግን ከመልሱ ጋር ልክ ናቸው። የመልሱ ወረቀት ያለው ደግሞ ሁለቱ አራሚዎች ጋ ነው፤ አንዱ ያን ጊዜ ሞቷል። ሄርሞን ያንኳኳችው የሬሳ በር ነው። ኤርሚያስ፣ ስልክህን አሳየኝ።»

ስክሪኑ የተሰነጠቀ ትንሽ ስልክ አወጣ።

«ታብሌትስ?»

ከበቡሽ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። «ወንድም ኤርሚያስ፣ አንተ እኮ ታብሌት የለህም» አለች።

አሰገደች ቀጠለች። «የቀልቤሳ ነበር። ሰንጠረዡ በእሱ ስም ተከፍቶበት አገኘኸውና፣ በሕይወት ያለ እንዲመስል ከጸሎቱ መሀል ሆነህ ነጥብ ሞላህበት። ከበቡሽ ሬሳውን አይታ ወደ ደረጃው ስትሮጥ ጠረጴዛው ላይ መለስከው።»

ኤርሚያስ አልካደም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሰባ ተማሪ አለኝ፣ እትዬ። ቀን ደግሞ ሌላ ሹግል፣ ሌላ ሥራ። የሁሉን ኮድ ላስኪድ ካልኩ እንቅልፍ የለም፤ እያየሁ ብቻ እሞላ ነበር። ቀልቤሳ የኔን ክፍል ሥራ ራሱ አስኪዶ ደረሰበት። ‹እሁድ ለኮርሱ ፕሮፌሰር እነግራለሁ› አለኝ። ሚስቴም ልጄም ያሉት በኔ ኢቃማ ነው። አትንገር ብዬ ገፋሁት። ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

«መሞቱን አረጋገጥክ?»

«አየሁት» አለ። «አየሁትና ኤሲውን ከፍቼ ወጣሁ።»

አሰገደች ድምጿን ሳትቀይር ለኡሳማ ቃል በቃል ተረጎመችለት። እሱም ጻፈ። ሁለት ፖሊሶች ኤርሚያስን ይዘው ሲወርዱ ከበቡሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ግድግዳውን ተደገፈች።

ኡሳማ ብዕሩን ኪሱ ከትቶ፣ ወደ ሄርሞን ሳያይ በዓረብኛ አንድ ነገር ተናገረ።

«መሄድ ትችያለሽ ነው የሚልሽ» አለች አሰገደች።

«ሰምቻለሁ።» ሄርሞን ግን አልተነሳችም። «ስልኬን ይመልስልኝ። ሆስፒታል ደውዬ ዛሬ አልገባም ልበላቸው።»

አሰገደች ይህን አላስተረጎመችም። እጇን ወደ ኡሳማ ዘረጋች፤ ስልኩን ተቀብላ ሰጠቻት፤ ከዚያም እስክትነሳ ድረስ ከጎኗ ተቀመጠች።