ውሃ ያልነካው ኡዞ

የፖሊስ መርማሪው መቶ አለቃ ጉግሳ ሲደርስ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሣህሉ መጠጥ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሞቶ ተደፍቶ ነበር። ድሬዳዋ ከሙቀቱ ሸሽታ በሯን ዘግታ የምታሸልብበት ሰዓት ነው። ሬሳው ፊት የተጋመሰ የኡዞ አረቄ፣ ውሃ ገብቶበት እንደ ወተት ነጥቶ ተቀምጧል። ከባዶው ወንበር ፊት ያለው ሌላ ብርጭቆ ግን ጥርት ያለ፣ እስከ አፉ የሞላና ያልተነካ ነው። መርዙ የተገኘው ጠረጴዛው ላይ ባለው የጆግ ውሃ ውስጥ ነበር።

ይህን የከዚራ ሰፈር ጥግ መጠጥ ቤት ከአንድ ግሪክ ገዝቶ ያቀናው ገብረወልድ ነበር፤ የባቡር ሠራተኛው ሁሉ ከሥራ ሲወጣ እዚያ ይሰበሰባል። አብዮቱ ሲመጣ ቀበሌው ወረሰው። በቀይ ሽብር ደግሞ ሣህሉ «አናርኪስት ነው» ብሎ ገብረወልድን አስረሸነው። ሚስቱ የሺአረግ በገዛ ቤቷ ወጥ ሠሪ ሆና ቀረች።

የቀበሌው ካድሬዎች ጉግሳን አልጠበቁትም። የመጠጥ ቤቱን ዘበኛ ሊበንን ገርፈው አስረውታል። ሁለተኛው ብርጭቆ ያልተነካው አብሮት የተቀመጠው ሙስሊም ስለሆነ ነው አሉ፤ ሶማሌነቱም ማስረጃ ሆነበት። ሊረሽኑት ቸኩለዋል።

ጉግሳ አስተናጋጇን ወይንሸትን ጠየቃት፤ ሊቀ መንበሩ ሁሌም ብቻውን፣ ሁሌም በውሃ እንደሚጠጣ ነገረችው። ቀጥሎ የቤቱን የጥንት ደንበኛ፣ ጡረተኛውን የባቡር ነጂ ገብረ መድኅንን ጠየቀ።

«እዚህ ቤት ኡዞ ያለ ውሃ የሚጠጣ ማነው?»

«ከገብረወልድ በቀር ማንም አልነበረም። ያ ወንበርም የሱ ነበር።»

ጉግሳ ወደ ባዶው ወንበር ዞረ። እውነቱን ቢናገር አንዱን እንደሚያድን፣ ሌላውን እንደሚያስገድል ገብቶታል። ሊበንን ከነእግር ብረቱ አስመጥቶ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ለማይጠጣ ሰው ኡዞ የሚቀዳ የለም» አለ። «ይህ ብርጭቆ የተቀዳው ለገብረወልድ ነው። ወይንሸትና ሊበን የተቀጠሩት ቤቱ ከተወረሰ በኋላ ነው፤ አመሉንም ወንበሩንም አያውቁም። ጋሽ ገብረ መድኅን ያውቃሉ፤ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ጠብታ ሳያፈሱ ማስቀመጥ አይችሉም።»

የቀረችው አንዲት ሴት ናት። የሺአረግ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ገብረወልድ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ይሄ ሰው ሲሞት ይይልኝ ብዬ ነው» አለች። ከካድሬዎቹ አንዱ ለምን እስካሁን እንደደበቀች ሲጠይቃት ዓይን ዓይኑን አየችው። «የባሌን ሬሳ የት እንደጣላችሁት ስፈልግ ኖሬያለሁ። እናንተም ገዳዩን ትንሽ ፈልጉ ብዬ ነው።»

የሊበን እግር ብረት ተፈታ። ጀርባው ቆስሎ ቀና ማለት አቅቶታል።

«እትዬ የሺ» አላት ቀስ ብሎ፣ «እኔስ ምን አደረግኩሽ?»

ለካድሬው ያልተሰበረው አንገቷ ያኔ አቀረቀረ። እየወሰዷት በሩ ላይ እስክትደርስም ቀና አላለም።