በተቆለፈው ክፍል ትምህርት አለ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ነው። ቦታው ጎጃም፣ ጅጋ። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል... ጠራራ ፀሐይ።

ፋናዬ እባላለሁ። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። አቧራ የጠጣ ፋይል ሳወጣና ስመልስ እውላለሁ። እንዲህ ስል ስድስት ዓመት ሆነኝ።

ደከመኝ።

ሌላ ሥራ ለማግኘት ብዬ ፕሮግራሚንግ መማር ጀመርኩ። በነጻ፣ ከኢንተርኔት። የጅጋ ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ እየሄድኩ ቪዲዮ አወርዳለሁ። አስተማሪው ፈረንጅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምረው። ከሥራ ስመለስ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ አጠናለሁ።

አንድ ጠዋት አከራዬ እትዬ አስካለ ማርያም ደጅ ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ እንግዳ ካለሽ ብትነግሪኝ ነውር የለውም» አሉ ቀስ ብለው።

«የምን እንግዳ፣ እትዬ?»

«የሚያስተምርሽ ሰውዬ። ቁጣ ያበዛል። ስትሳሳቺ ‹እንደገና› ይልሻል... አሳዘንሽኝ።»

«የኮምፒውተር ቪዲዮ ነው» አልኳቸውና አለፍኩ።

ድምፁ ከማዳመጫው ወደ ውጭ እንደማይወጣ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው። እትዬ አስካለ ደግሞ እንግሊዝኛ አይሰሙም...

በዚያው ሳምንት አንድ ኮድ እምቢ አለኝ። ስህተቱን ስፈልግ ሦስት ቀን ፈጀሁ። በሦስተኛው ቀን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ነግቷል። ኮዱ ይሠራል።

ከሥሩ ደግሞ ገና ያላየሁት ትምህርት መልመጃ ተሠርቷል።

በእንቅልፍ ልቤ ሠርቼው ይሆናል አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ... ደስ አለኝ። ማን ሠራው ብዬ ለመጠየቅ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ሆን ብዬ ሳልጨርስ እተኛ ጀመር። ጠዋት ተጨርሶ አገኘዋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት በምሳ ሰዓት እትዬ አስካለ ቢሮ ድረስ መጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ቤት ያለሽ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው... ነይ።»

ሄድን። ከተማው መብራት የለውም፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደጠፋ ነው። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪው ስለሞተ ያለ መብራት አይነሳም።

ክፍሌ ከውጭ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ አለ።

እትዬ አስካለ እጄን ያዙኝ። ጆሯችንን ወደ በሩ አስጠጋን።

የወንድ ድምፅ። በአማርኛ... በእኛው በጎጃሙ።

«እንደገና።»

የሴት ድምፅ መለሰ። ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ እኔ ያልደረስኩበትን ትምህርት ይዘረዝራል።

ድምፁ የእኔ ነው።

«ደክሞኛል» አለች።

«እንደገና።»

በሩን ስደገፈው ቆርቆሮው ተንኳኳ።

ውስጥ ጸጥ አለ...

ከዚያ እርምጃ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አየሁ። ሁለት እግር መጥቶ ቆመ። የተጫማችው ጠዋት አልጋዬ ሥር ትቼው የወጣሁትን ሲሊፐር ነው።

«ማን ነው?» አለች፣ በእኔ ድምፅ።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ እትዬ አስካለ፤ ከልምድ የተነሳ ከአፋቸው አምልጧቸው።

«ማን አብሮዎት አለ፣ እትዬ?»

ከበሩ ሸሸት ብዬ ቀና አልኩ። እትዬ አስካለ ዞረው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ... ፊቴን፣ ልብሴን፣ እግሬን።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ በሹክሹክታ።

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡ። ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ...

ወደ በሩ።