ብራናው ላይ የነበሩት ሰዎች

ስሙኝ፣ ይሄ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የሚል ካለ፣ ሄዶ ተክሌን ይጠይቀው... አፉን ከከፈተለት።

ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዶራቪል፣ አሜሪካ። ጨለማ የለም፣ ምን የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ተክሌ ኢስት ፖይንት የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። ጊዜው ፍልሰታ ነው። እሱና ሚስቱ ብዙነሽ በማግስቱ ሊቆርቡ ነበር። በሃያ ዓመት ትዳራቸው የመጀመሪያቸው! ብዙነሽ ለዚች ቀን ስንት ስለት ተስላለች።

ስምዖን ደወለለት። ዶራቪል የስዕል ፍሬም የሚሠራበት ሱቅ አለው።

“ጋሽ ተክሌ፣ የአባትህ ሙያ ተፈለገ። አንድ ከስተመር የድሮ ካርታ አምጥቶ... ብራና ነው። ተጠቅልሎ ደርቋል። ፍላት አድርግልኝ።”

የተክሌ አባት ጎጃም ውስጥ ብራና ፋቂ ነበሩ። ተክሌ ደስ ብሎት በረረ።

ካርታው ፈረንጆች አሜሪካን ገና በቅጡ ሳያውቋት የሳሉት ነው። ጥጉ ላይ ራቁታቸውን የሆኑ ሰዎች እሳት ከበዋል። እሳቱ ላይ የሰው እግር ይጠበሳል። ስምዖን ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በስልኩ አስተረጎመ።

“ሰው በላዎች፣ ይላል። ቆዳው የበግ ነው የፍየል?”

“አሁን እነግርሃለሁ።”

አባቱ ያደርጉ የነበረውን አደረገ። የምላሱን ጫፍ ጥጉ ላይ፣ ሰዎቹ ጋ፣ ነካ አደረገ።

ጨው ጨው አለው...

እንደ ላብ።

“ምነው ጋሽ ተክሌ?”

“ዝም በል...”

መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰ። የፍየል ጠጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ በረድፍ ነው። የዚህ ግን ብትንትን ያለ ነው። የገዛ ክንዱን አየ። ልክ እንደሱ።

ካርታው መሃል፣ ባሕሩ ላይ፣ የአቅጣጫ ኮከብ ተስሏል። የኮከቡ መሃል ጎድጎድ ብሏል። ጣቱን ሰደደበት። ውስጡ የተቋጠረ ነገር አለ...

እምብርት ነው።

“ስምዖን... ይሄ ሰው ነው።”

ወይ ጉድ! እነዚያን ምስኪኖች ሰው በላ ብሎ የሳለው ፈረንጅ፣ የሳላቸው የሰው ሆድ ላይ! ሌባ እናት ልጇን አታምንም።

ተክሌ ሮጦ ወጥቶ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ አስመለሰ። ማውዝዋሽ ገዝቶ እየተጉመጠመጠ ጠርሙሱን ጨረሰ። ምላሱን በሳሙና ፈተገ። ጣዕሙ ንቅንቅ አላለም።

ስቶን ማውንቴን ካለው ቤቱ ገባ። ለብዙነሽ ምን ይበላት? ሰው ቀመስኩ ይበላት? ሳይነግራት ተኛ።

እሑድ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው መኪና ውስጥ ገቡ። ስልኩ ጮኸ። ስምዖን ነው።

“ጋሽ ተክሌ... ሰዎቹ የሉም። እሳቱም የለም። ምላስህን ያሳረፍክበት ቦታ ባዶ ሆኗል...”

ዘጋበት።

ብዙነሽ አፍንጫዋን ያዘች።

“አንተ... የተጠበሰ ሥጋ ትሸታለህ። በጾም? ልንቆርብ እየሄድን?”

አልበላሁም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

“አፍህን ክፈት።”

“ብዙዬ፣ ተይ...”

“ክፈት አልኩህ!”

ከፈተ።

ካርታውን አይታው አታውቅም። ወሬውንም አልሰማችም። ዓይኗን ከአፉ ሳትነቅል፣ በእጇ የመኪናውን በር ትፈልጋለች።

“ምላስህ ላይ... እሳት የከበቡ ሰዎች አሉ” አለች በሹክሹክታ።

“አንዷ ቀና ብላ አየችኝ... ሆዷ ላይ ቆዳ የላትም።”