የእማማ ታንካማ ጉድጓድ

ጂንሲ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ኬረላ በሚባል ሩቅ አገር፣ ከፓምባ ወንዝ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ መዝሙር ላይም ድምፅዋ ከሁሉ ጎልቶ ይሰማል። እባብ ግን አጥብቃ ትፈራለች። ልጆች፣ እባብ መፍራት ኃጢአት አይደለም። እኔም እፈራለሁ። የጂንሲ ጥፋት ሌላ ነው።

በዚያ ዓመት ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ውሃው ሲጎድል የሳይንስ አስተማሪዋ ወይዘሮ ኦመና ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ ትንሽ ጠርሙስ አደሉ። በጠርሙሱ ውስጥ መድኃኒት የነካው ቁራጭ ወረቀት አለ።

"ዛሬ መጽሐፍ አንገልጥም፤ በእጃችን ነው የምንማረው" አሉ። "ከታዘዛችሁበት ጉድጓድ ቀድታችሁ እስከ መስመሩ ትሞላላችሁ። ሁለት ቀን ይቀመጣል። ከጠቆረ ቆሻሻ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ሳይፈላ አይጠጣም። ላዩ ላይ ስሙን የሚጽፈው በገዛ እጁ የቀዳው ልጅ ነው። ገባችሁ?"

"ገባን፣ ቲቸር!"

ለጂንሲ የእማማ ታንካማ ጉድጓድ ደረሳት። እማማ ታንካማ ጎረቤት ናቸው። ልጃቸው ረሚያ የበኩር ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መጥታ፣ ያኔ አራስ ነበረች። ሕፃኗ ሃያ ሁለት ቀኗ ነው። ክርስትና አልተነሣችም፤ ስምም አልወጣላትም።

ጂንሲ ጠርሙሷን ይዛ ስትሄድ የክፍሏ ልጅ ሺቡ መንገድ ላይ አገኛት።

"እማማ ታንካማ ጋ ነው የምትሄጂው? ትናንት ጉድጓዱ አፍ ላይ እባብ ተጠምጥሞ አይቻለሁ። ክንዴን ያህላል!"

"ውሸትህን ነው!"

"እንግዲያው ሂጂያ! ምን ገተረሽ፣ ቦቅቧቃ?"

ሄደች። የጉድጓዱን ዙሪያ ጎርፍ ያመጣው ሣርና ቅርንጫፍ ሸፍኖታል። አንድ ነገር ኮሽ አለ። እንቁራሪት ይሁን ቅጠል ቆማ አላየችም። እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ቤቷ በረረች።

የእነ ጂንሲ ጉድጓድ በራቸው ላይ ነው። አባቷ አስጠርገው የውሃ ማከሚያ ጨምረውበታል። "ውሃ ያው ውሃ ነው፤ ደግሞ ማን ያየኛል?" አለች በልቧ። ቀዳች። እስከ መስመሩ ሞላች። ከዚያም ባማረ ጽሕፈት፣ "የእማማ ታንካማ ጉድጓድ፤ የቀዳችው ጂንሲ" ብላ ጻፈችበት። ምነው "ቲቸር፣ ፈራሁ" ብትል ኖሮ! እጇን ይዘው አብረዋት ይሄዱ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አራት ጠርሙሶች ጠቆሩ። የጂንሲ ግን ኩልል እንዳለ ነው። ወይዘሮ ኦመና "ንጹሕ" የሚል ወረቀት ጽፈው ሰጧት።

"አንቺው አድርሺላቸው። አራስ ቤት ነው፣ ደስ ይላቸዋል።"

እማማ ታንካማ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ተመስገን! ውሃ ላፈላ ከዚህ እርጥብ እንጨት ጋር መታገል ቀረልኝ" ብለው ባልዲያቸውን አንሥተው ወጡ። ጂንሲ ሹልክ ልትል ስትል ረሚያ ጠራቻት።

"ነይ የኔ ቆንጆ፣ ትንሿን እያት።"

ሕፃኗ አዛጋች። ጥርስ የሌለው አፏ የጣት ጫፍ አያስገባም። እማማ ታንካማ ተመለሱና ከባልዲው ጠብ አድርገው በትንሽ ድንጋይ ላይ ለሕፃን የሚሰጥ የመድኃኒት ሥር ይፈትጉ ጀመር። በዚያ አገር ሕፃን ሁሉ ይህን ሥር እየላሰ ነው የሚያድገው። እስከዚያ ቀን ግን ድንጋዩን የሚያርሱት በፈላ ውሃ ነበር።

ጂንሲን ላብ አጠመቃት። "ብናገር ጉዴ ፈላ። ዝም ብልስ?" እማማ ታንካማ ትንሿን ጣታቸውን ነከሩ። ሕፃኗ አፏን ከፈተች።

"አይስጧት!"

ጂንሲ ዘልላ እጃቸውን ያዘች። ድንጋዩ ተንከባለለ።

"አንቺ ልጅ! አበድሽ እንዴ?"

"ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው የእርስዎ ውሃ አይደለም! ከቤታችን ነው የቀዳሁት። እባብ ፈርቼ... ዋሽቼ ጻፍኩ።"

ረሚያ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። እማማ ታንካማ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ደጋግመው ጠረጉ።

"ስምሽን አይቼ ነው እኮ ያመንኩት" አሉ ቀስ ብለው።

በጥፊ ቢሏት ይሻላት ነበር።

ጂንሲ እያለቀሰች ወደ አስተማሪዋ ሮጠች፤ ሁሉንም ተናገረች። ወይዘሮ ኦመና አልጮኹባትም። ሌላ ጠርሙስና አንድ ረጅም ዱላ አንሥተው ከጂንሲ ጋር ወደ እማማ ታንካማ ጉድጓድ ሄዱ። እሳቸው ሣሩን እየመቱ፣ ጂንሲ ውሃውን ቀዳች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁለት ቀኖች አላልፍ አሏት። እህል አልወርድ አላት። "አምላኬ፣ አይጥቆር፣ አይጥቆር" እያለች ትጸልያለች፤ ሄዳም ታየዋለች። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጠርሙሱ እንደ ከሰል ጠቁሮ አገኘችው። ያ ጥርስ የሌለው አፍ ትዝ አላትና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጠርሙሱን ይዛ እማማ ታንካማ እግር ላይ ወደቀች። እሳቸው ጥቁሩን ውሃ አዩ፤ ሕፃኗን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አነሧት።

"ተነሺ፣ ልጄ። ባትጮኺ ኖሮ ዛሬ ሁላችንም ነበር የምናለቅሰው።"

ልጆች፣ ያላደረጋችሁትን አድርጌያለሁ አትበሉ፤ ቃላችሁን አምኖ የሚጠጣ ሰው አለና።