ከጎኑ የተቀደደው ከረጢት

ከፈለኝ የሞተው በገዛ ንብረት ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ንብረቱ ግን አብዛኛው የእሱ አልነበረም። ከአማን ገበያ ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ክፍል የሰው ሐብል፣ የሰው አምባር፣ የሰው አያት ያስቀመጡት የማርትሬዛ ብር፣ እያንዳንዱ በየከረጢቱ ተሰፍቶ መደርደሪያው ላይ ተኮልኩሏል። ባለቤቶቹ ሲቸግራቸው መያዣ አድርገው ገንዘብ የተበደሩበት ነው። አበዳሪው ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘርሯል፤ ማጅራቱን የብረት ሣጥኑ ጠርዝ መትቶታል። በቀኝ እጁ መዳፍ የምታክል ነጭ የአቡጀዲ ከረጢት እንደጨበጠ ነው።

ኢንስፔክተር ማናልሞሽ ስትደርስ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሳጅን ጴጥሮስ ሥራውን ጨርሶ ሻይ እንደሚጠብቅ ሰው ዘና ብሎ በር ላይ ተቀበላት።

«ተይዛለች፣ ኢንስፔክተር። መናኸሪያ የሸኮ መኪና ላይ ስትሳፈር ደረስንባት።»

«ማን?»

«ሩሐማ የምትባል ቡና አምራች። የሟች ባሏን አባት የወርቅ ሰዓት አስይዛ አራት መቶ ሺህ ብር ተበድራለች። ከከረጢቷ ወጥቶ አጠገቡ ወድቆ ያገኘነው ግን የነሐስ ሰዓት ነው። አታልላዋለች፣ ዛሬ ነቃባት፣ ገፈተረችው። ሲጨቃጨቁ ጎረቤት በአጥር ማዶ ሰምቷል። ቦርሳዋ ደግሞ በጥሬ ብር ተሞልቷል።»

«አንተ መቼም ፈጣን ነህ» አለችው። ምስጋና መሰለውና ደስ አለው።

ማናልሞሽ ከረጢቷን ከሟች ጣቶች ቀስ ብላ አስለቀቀች። የሩሐማ ስም ተጽፎባታል። አፏ እንደተሰፋ ነው፤ የተቀደደችው በጎኗ፣ በምላጭ፣ ቀጥ ባለ መስመር ነው። ከአፏ ግራና ቀኝ ጫፍ በክር የታሰሩ ሁለት ትናንሽ ቋጠሮዎች ጎልተው ወጥተዋል።

«ጴጥሮስ፣ አንተ የቴፒ ልጅ አይደለህ? እንዲህ ያለ ስፌት ታውቃለህ?»

«የቡና ጆንያ አፍ እኮ ነው የሚመስለው። ጫፍና ጫፉ ላይ ጆሮ ይወጣለታል። ጫኝና አውራጁ ሲያነሣ የሚጨብጠው እሱን ነው።» ከዚያ ሳቀ። «ለዚች ጆሮ ምን ያደርግላታል?»

እሷ አልሳቀችም። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ከረጢቶች አንድ በአንድ አየች። ሁሉም አፋቸው ታጥፎ በደቃቅ ስፌት ተዘግቷል፤ ጆሮ ያለው አንድም የለም።

ሩሐማ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ካቴና ገብቶላት ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ማናልሞሽ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ገንዘቡ ከየት ነው?»

«የቡናዬ ሽያጭ ነው። ትናንት ቴፒ ከባንክ አወጣሁት። ዕዳዬን ከነወለዱ ከፍዬ ሰዓቱን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን አልከፈልሽም?»

«ከረጢቱን አመጣና አገላብጦ አየው። ሳይከፍተው ፊቱ ተለዋወጠ። ‹ዛሬ ሂጂ፣ ነገ ነይ› አለኝ። ሰዓቴን ስጠኝ ብዬ ጮኽኩ፤ አዎ፣ ጮኼያለሁ። አልሰማ ሲለኝ ትቼው ወጣሁ።» እንባዋ በካቴናው ላይ ወረደ። «እሜቴ፣ ሁለት ልጆቼን እስከ ማታ እመጣለሁ ብዬ ለጎረቤት ነው የሰጠኋቸው። አባት የላቸውም። እኔ ከታሰርኩ ማን አላቸው?»

ማናልሞሽ ተነሥታ ቴፒ ወዳለው ባንክ ደወለች፤ ሴትየዋ ያለችው ልክ ነበር።

ሰዓት ሠሪው ቲቶ ተጠርቶ መጣ። ከፈለኝ የሚያበድርበትን ዕቃ ሁሉ የሚገምትለት እሱ ነው። ነሐሱን ገና ከሩቅ ሲያየው ፊቱን አጨማደደ።

«ያኛውን ከአራት ወር በፊት ክዳኑን ከፍቼ እስከ ማሽኑ አይቼዋለሁ። ጥርት ያለ ወርቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች አግኝተውት ቢሆን እጥፍ ይከፍሉበት ነበር። ይሄ ሌላ ነው።»

«ወደዚህ ክፍል ይገባሉ?»

«ጋሽ ከፈለኝ ራሱ ካላስገባኝ ከበሩ አላልፍም። ቁልፉ ያለው እሱና ጸሐፊው ኃይለሚካኤል ዘንድ ነው።»

የሟች ባለቤት ወይዘሮ አሰጋሽ ጥቁር ነጠላ ተከናንባለች። ጠዋት ለቅሶ ሄዳ ስትመለስ ነው አስከሬኑን ያገኘችው።

«ከረጢቶቹን የሚሰፋው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ባለንብረቱ ፊት። ሰውየው ከፍሎ ሲመጣም ስፌቱን ተርትሬ የማስረክበው እኔው ነኝ።»

«ይችንስ?»

አሰጋሽ ከረጢቷን ተቀብላ አየቻት። አውራ ጣቷ አንዱን ጆሮ ነካና እንደተቃጠለ ሰው ተመለሰ።

«እኔው ነኝ የሰፋኋት» አለች።

ታናሽ ወንድሟ ኃይለሚካኤል የከፈለኝ ጸሐፊ ነው። ሸሚዙ በብረት የተተኮሰ፣ ኪሱ ላይ ሁለት ብዕር የተሰካ።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ግቢ፣ ማዶ ባለው ቢሮዬ ውስጥ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምን ይሰማል ብለሽ ነው?» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ያቺ ሴት ትከፍላለች ብሎስ ማን ጠበቀ!»

ማናልሞሽ አመሰገነችው። ከዚያ ሦስቱንም ጠርታ ባዶ ከረጢት፣ መርፌና ክር አደለቻቸው።

«ዕቃው በሙሉ በኤግዚቢትነት ወደ ጣቢያ ይሄዳል። ነገ ፖሊስ ለወጠው እንዳይባል እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ዕቃ አስገብታችሁ ስፉልኝ።»

ተቀመጡና ሰፉ። ማናልሞሽ ስለ ቀብሩ ሰዓት፣ ስለ ድንኳኑ፣ ለዘመድ ስለ መደወሉ እያነሣች ታነጋግራቸው ነበር። ሲጨርሱ ከረጢቶቹን ሰበሰበች፣ የኃይለሚካኤልን መሳቢያ አስፈተሸች፣ ከዚያ ሩሐማን ጨምራ ሁሉንም ወደዚያች ጠባብ ክፍል አስገባቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ የነበረበትን ቦታ ማንም አልረገጠም።

«ሳጅን ጴጥሮስ ሩሐማ ናት ይላል» ብላ ጀመረች። «ነሐስ አስይዞ አራት መቶ ሺህ ብር የወሰደ ሰው፣ ያንኑ ነሐስ ለማስመለስ ከነወለዱ ገንዘብ ይዞ ይመጣል?»

ጴጥሮስ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ስለዚህ ሰዓቱ የተለወጠው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። አቶ ከፈለኝስ በምን ነቃ? ሁልጊዜ ከረጢት የሚከፈተው ስፌቱ ተተርትሮ ነው። ዛሬ ግን ስፌቱን ሳይነካ ጎኑን ቀደደ። ለምን? ማስረጃው ስፌቱ ስለሆነ ነው። የሚስቱን እጅ ያውቃል፤ ይህ የሚስቱ እጅ አልነበረም። ሩሐማን ነገ ነይ ያላት ቤቱን አስቀድሞ ሊመረምር ነው።»

«እሷ ራሷ ሰፋሁት ብላ የለ!» አለ ኃይለሚካኤል።

«ብላለች። እኔም የገረመኝ እሱ ነው።» ሦስቱን ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ይህ የአቶ ቲቶ ነው፤ አይፈረድባቸውም፣ ሲሰፉ ሁለቴ ጣታቸውን ወግተዋል። ይህ የወይዘሮ አሰጋሽ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ ጋር አንድ ነው። ይህ ሦስተኛው የእርስዎ ነው፣ አቶ ኃይለሚካኤል።»

ሁለት ጆሮዎች ከጫፎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«እያወራችሁ ስትሰፉ እጅ የለመደውን ይሠራል። መዳፍ የምታክል ከረጢት ተሸካሚ አያሻትም። ጆሮ የሚያወጣላት የቡና ጆንያ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው።»

«ይሄ… ይሄ ማንም…»

«ቡና መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት ሰፋህ?»

የመለሰችው አሰጋሽ ናት። «ስድስት ዓመት» አለች።

ማናልሞሽ ከመሳቢያው የተገኘውን ወረቀት ዘረጋች። «የወርቁን ሰዓት ቴፒ ሌላ አበዳሪ ዘንድ በራስህ ስም አስይዘኸዋል፤ ውርርድ በልቶህ። ሩሐማ መክፈል ያቅታታል፣ ከረጢቱም ሳይከፈት ይኖራል ብለህ ነበር። ዛሬ ብሩን ይዛ መጣች። ጩኸቷን ጎረቤት ሲሰማ አንተ እዚሁ ግቢ ውስጥ አልሰማሁም አልክ። ሰምተሃል፤ ልትከፍል መምጣቷን ያወቅከው በዚያ ነው። ከወጣች በኋላ ጠርቶህ ስፌቱን አሳየህ፣ ዓይንህ እያየ ጎኑን ቀደደ፣ ነሐሱ ወጣ። ከረጢቱን እጁ ላይ የተውከው ስሟ ስለተጻፈበት፣ ጥርጣሬው በሩሐማ ላይ እንዲወድቅ ነው።»

«ልገድለው አልነበረም» አለ ኃይለሚካኤል። «ፖሊስ ልጥራ ሲለኝ ገፋሁት፤ ሌላ አላደረግኩም። እትዬ ሙች፣ ሌላ አላደረግኩም!»

እህቱ ቀና ብላ አላየችውም።

ጴጥሮስ ካቴናውን ከሩሐማ እጅ ፈትቶ ለኃይለሚካኤል አጠለቀለት። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ማናልሞሽ ሰዓቱ ከፍርድ በኋላ እንደሚመለስላት ለሩሐማ ነገረቻት። አሰጋሽ ያኔ ተነሥታ ሩሐማ እግር ሥር ልትወድቅ ጎንበስ አለች።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ስፌቱን ሳየው የማን እጅ እንደሆነ አውቄያለሁ። እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ነው፤ ልጄ ማለት ነው። ባሌን አጥቼ እሱንም ልጣ?»

ሩሐማ ክንዷን ይዛ አስነሣቻት። የሴትዮዋ ሐዘን ሆዷን አባባው፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

«የእኔስ ልጆች፣ እትዬ? እነሱን ማን ያሳድጋቸው ብለው ነበር?»

ሩሐማ ቦርሳዋን አነሣችና የመጨረሻው የሸኮ መኪና ሳያመልጣት ለመድረስ በጭቃው ውስጥ እየሮጠች ወጣች።